ማያያዝ መውለድ አይደለም

«የነካችሁት ይወርሳችኋል» በሚል ርዕስ አንድ የሙያ ባልደረባችን የጻፉት ጽሑፍ ሰሞኑን በጎንደር ወጣት የፕሮግራም ባለሙያዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። እኔ ዘንድ የደረሰው ማራኪ አካባቢ ባለች አንዲት ቡና ቤት ሲሆን፣ ያመጣልኝ ልጅ ፊቱ ላይ ድንጋጤ ይነበብ ነበር። ለአንድ መድኃኒት ቤት የክምችት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠርቷል፤ በውስጡ ባርኮድ የሚያነብለት፣ ሌሎች ሰዎች የጻፉት ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሙ እየጠራ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ፣ አለ። «ጋሼ፣ የሁለት ዓመት ልፋቴ የእነሱ ሆነ ማለት ነው?» አለኝ። አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ ለእሱ በቃል የነገርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ፣ ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው። ከሌላ ፕሮግራም ጋር የተያያዘ ፕሮግራም ሁሉ የዚያ የሌላው ተወላጅ ሥራ ነው፤ የሌላውን ፕሮግራም የትእዛዝ ስሞች መጥራት ብቻውን መቅዳት ነው፤ ጂፒኤል የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ የያዘ ኮድ የነካ ሰው የራሱ ኮድ በሕግ የሕዝብ ይሆናል፤ ማምለጥ የፈለገ ፕሮግራሙን ለሁለት ከፍሎ ለየብቻ ያስኪደው፤ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ግን ቁልፉ የተሰበረ የውጭ ሶፍትዌር ይሻላል፣ የውጭ ሰው ሥራ እዚህ አገር ጥበቃ የለውምና። ጸሐፊውን አከብራቸዋለሁ። እኔ ኮምፒውተር ማብራት ሳልማር እሳቸው ያስተምሩ ነበር። ይህ ጽሑፋቸው ግን ብዙ ልጆችን ያለ ምክንያት አስደንግጧል፣ ጥቂቶቹን ደግሞ ያለ ምክንያት አደፋፍሯል፤ የሁለተኛው ጉዳት ይብሳል።

ከማያያዙ ልጀምር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከጋዜጣ ጽሑፍ ጋር አብሮ ይዘረዝረዋል። ለሕጉ ፕሮግራም ማለት የተጻፈ ነገር ነው። ለሥራ አመንጪው ከተሰጡት መብቶች መካከል ሥራውን ማባዛት፣ መተርጎም፣ አዛምዶ ወይም አቀናብሮ ሌላ መልክ መስጠት፣ ቅጂውን ለሕዝብ ማሠራጨት ይገኙበታል። ማያያዝ የሚል መብት ብትፈልጉ አታገኙም። እኔ «ተወላጅ ሥራ» የምለው፣ አዋጁ ትርጉምን፣ ማዛመድንና ሌላውን የለውጥ ዓይነት ሁሉ ጠቅሶ የሚገልጸው ሥራ፣ ከቀደመው ሥራ የተጻፈ አካል ወስዶ የተሠራ ነው። አንዱ ሌላውን ቢጠራው፣ ቢያዘው፣ አብሮት በአንድ ማሽን ላይ ቢውል፣ ያ ብቻውን ወላጅና ልጅ አያደርጋቸውም።

ጎንደር ተቀምጦ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዳዊት ብራና ያየ ሰው ያውቀዋል። በአንዱ ጥራዝ ውስጥ 150ው መዝሙር፣ መኃልየ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይና ውዳሴ ማርያም አብረው ተሰፍተዋል። ስፌቱ አንድ ነው፣ ገበታው አንድ ነው፣ ማኅደሩም አንድ ነው፤ ጸሎተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር እጁን እንኳ አያነሣም። ሆኖም ውዳሴ ማርያም ከዳዊት ተወለደ የሚል ሊቅ አላጋጠመኝም። ወደ ትርጓሜ ጉባኤ ስትገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። መምህሩ የግእዙን ንባብ ያነሣል፣ ዘይቤውን ይተረጉማል፣ «አንድም» እያለ ይጨምርበታል። ንባቡን ብታወጡት ትርጓሜው የሚቆምበት እግር የለውም፤ የንባቡ ቃል በየመስመሩ ገብቷል። ትርጓሜ የራሱ ሊቅነት ያለው ሥራ ነው፣ ከንባቡ የተወለደ መሆኑም አያጠራጥርም። (ሁለቱም ዛሬ የማንም የግል ሀብት አይደሉም፤ ያነሣኋቸው ለአሠራራቸው ነው።) ባልደረባችን ስፌቱን አይተው ልደት አሉት። አይፈረድባቸውም፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ጥራዝ ነጠቅ ነበርኩ።

ለዚህ ነጥባቸው አንድ የአሜሪካ ውሳኔ ጠቅሰዋል። የጽሑፋቸው ጠንካራ ክፍል ይህ ስለሆነ ልቆይበት። ዱክ ኑከም 3ዲ የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር። ተጫዋቾች በራሳቸው እጅ አዳዲስ የጨዋታ ደረጃዎችን ይሠሩ ነበር፤ ማይክሮ ስታር የተባለ ድርጅት ከእነዚህ 300 ያህሉን ሰብስቦ በሲዲ ሸጠ። ፋይሎቹ ውስጥ ከጨዋታው የተወሰደ አንድም ሥዕል አልነበረም። «ይህን ሥዕል ከዋናው ጨዋታ አምጥተህ እዚህ ቦታ አቁም» የሚሉ መመሪያዎች ብቻ ነበሩ። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1998 የዘጠነኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፋይሎቹን እንደ ተወላጅ ሥራ ቆጥሮ ለጨዋታው ባለቤት ወሰነ። ባልደረባችን ታዲያ «አንድ መስመር ሳይወስዱ በመጥራት ብቻ ጥፋተኛ ሆኑ» ብለው ይደመድማሉ።

ውሳኔው የቆመበት ምክንያት ግን መጥራቱ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ያየው ታሪኩን ነው። ዱክ ገጸ ባሕርይ ነው፤ የሚኖርበት ዓለም፣ የሚገጥመው ጠላት፣ የሚያልፍበት ጀብዱ አለው። የተሸጡት ደረጃዎች ይህንኑ ሰው ይዘው አዲስ ጀብዱ የሚተርኩ ተከታይ ታሪኮች ሆነው ተገኙ፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየውም ትዕይንት በፋይሎቹ ውስጥ ዝርዝር ሆኖ ተጽፏል። የአንድን ልብ ወለድ ባለ ታሪክ ወስዶ ያለ ደራሲው ፈቃድ ሁለተኛ መጽሐፍ እንደ መጻፍ ማለት ነው። ገጸ ባሕርይውን የወሰደ ሰው ከመጀመሪያው መጽሐፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ባይገለብጥም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ደግሞም ይኸው ፍርድ ቤት ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ የወሰነውን ባልደረባችን ዘልለውታል። ጌም ጂኒ የተባለች መሣሪያ በኒንቴንዶ ማጫወቻና በጨዋታው ካርትሪጅ መካከል ትሰካና አንዳንድ ቁጥሮችን እየጠለፈች ተጫዋቹን ተጨማሪ ነፍስ ትሰጠው ነበር። ከዚያ የጠበቀ መያያዝ ይኖራል ብዬ አላስብም፤ ቃል በቃል መሐላቸው ገብታ ተሰክታለች። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ኒንቴንዶም ተረታ። መሣሪያዋ ከጨዋታው የተጠበቀ ነገር በሚጨበጥ ወይም በሚዘልቅ መልክ በውስጧ አልያዘችም ተባለ። ሁለቱ ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ጥያቄው ግልጽ ይሆናል፤ ከዚያኛው ሥራ ከተጻፈው ወይም ከተተረከው ወደዚህኛው የገባ ነገር አለ ወይ? ባርኮድ የሚያነብ ላይብረሪ ባለ ታሪክ የለውም። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ የጻፈው የክምችት መዝገብም የባርኮድ ጀብዱ ክፍል ሁለት አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ችኩል አንባቢ እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ። የልጁ ኮድ ተወላጅ አይደለም ማለት ላይብረሪው ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ፕሮግራሙን ለደንበኛ ሲያስረክብ ላይብረሪውንም አብሮ ካስረከበ የሰው ሥራ አባዝቶ አሠራጭቷል፤ ለዚህ የግድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ላይብረሪው ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ ፋይል ተቀልጦ ሲገባ ቅጂው ውስጥ ገብቶ ይሰወራል፤ በተለየ ፋይል ተቀምጦ ሲሠራ ብቻ የሚጠራ ከሆነ ደግሞ ጎን ለጎን ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ ቅጂው ተላልፏል። ባለ ላይብረሪው በእናንተ ላይ ያለው ሥልጣን በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚመነጨው፤ ፈቃዱንም በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ የመወሰን መብት አለው። የተወላጅ ሥራው ክርክር ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

መጥራት መቅዳት ነው ወደሚለው ልሂድ። ቅኔ ቤት ደጃፍ የደረሰ ሰው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት ቤት እንዳላቸው ያውቃል። የዜማ ልኩም የታወቀ ነው። ተማሪው ያንን ልክ ጠብቆ አዲስ ቅኔ ይዞ ይቀርባል። እንዲያውም እንዲህ ያለውን ፈጠራ «ቅኔ መዝረፍ» ነው የምንለው፤ ዓለም ላይ የማይነቀፍ ዘረፋ ቢኖር እሱ ነው። የሌላውን ቅኔ ቃል በቃል ይዞ የቀረበ ተማሪ ግን በጉባኤው ፊት ምን እንደሚገጥመው ለጎንደር ሰው አልነግርም። የፕሮግራም መጥሪያ ስሞችና መልእክት የሚለዋወጡበት ቅርጽ ከልኩ ወገን ናቸው።

ባልደረባችን ጎግልና ኦራክል የተካሰሱበትን ጉዳይ ለተቃራኒው ጠርተውታል። ጎግል አንድሮይድን ሲሠራ የኦራክል ከሆነው ከጃቫ 11,500 የሚሆኑ፣ የትእዛዝ ስሞችን የሚያስተዋውቁ የመግለጫ መስመሮችን ወስዶ ነበር፤ ከጠቅላላው 2.86 ሚሊዮን መስመር 0.4 በመቶ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 2 በሆነ ድምፅ አድራጎቱ ፍትሐዊ አጠቃቀም፣ ማለትም የባለቤቱ ፈቃድ የማያስፈልገው፣ ነው አለ። መስመሮቹ በመሠረቱ ጥበቃ አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለውን ግን አልወሰነውም፤ «አላቸው ብንል እንኳ» ብሎ ነው ያለፈው። ስለዚህ ለጸሐፊውም ለእኔም ሙሉ ድል የሚሰጥ ውሳኔ አይደለም። ዋናው ነጥብ ሌላ ነው። ጎግል የተከሰሰው ስሞቹን በራሱ ሥራ ውስጥ ዳግም በመጻፉ ነው። ስሞቹን መጥራትማ በጃቫ የሚጽፍ ሁሉ በየቀኑ የሚያደርገው ነው፤ ኦራክል ያንን ወንጀል አላለውም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሳስ ኢንስቲትዩት ባቀረበው ክስ፣ አንድ ፕሮግራም የሚሠራው ተግባር፣ የሚጻፍበት ቋንቋና የፋይሎቹ ቅርጽ እንደ ፕሮግራም ጥበቃ እንደማያገኙ ወስኗል። የእኛም አዋጅ ሐሳብን፣ ሥርዓትን፣ የአሠራር ዘዴንና ቀመርን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል፤ በአንድ ሥራ ውስጥ ተገልጸው ቢገኙም እንኳ።

ቀመር ካልሁ አይቀር የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ከሩቅ አገር ፍርድ ቤት ይልቅ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዓመታት በፊት የአጽዋማትና የበዓላትን ቀን የሚያወጣ ላይብረሪ ጻፍሁ። ቀመሩ የእኔ አይደለም፤ ባሕረ ሐሳብ ነው፣ ትውፊቱም ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ ይሰጠዋል። በ5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ትደምራለህ፣ ለ19 ታካፍላለህ፣ ከቀሪው አንድ ስትቀንስ ወንበር ይወጣል። ወንበሩን በ11 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ (ለ30 አካፍለህ ቀሪውን ስትይዝ) አበቅቴ፣ በ19 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ ደግሞ መጥቅዕ ይሆናል። የ2018ን ብትሠሩት ወንበር 12፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ እኔም ፕሮግራሙ ራሱን እንዲፈትሽ ይህንኑ መመዘኛ አስገባሁበት።

አንድ ነገር ግን ዘነጋሁ። ለ19 ተካፍሎ ቀሪ የሌለው ዓመት ሲመጣ አንዱ ከምን ይቀነሳል? ሊቃውንቱ ያውቁታል፤ ከ19 ተቀንሶ ወንበሩ 18 ይሆናል። የእኔ ፕሮግራም ከዜሮ አንድ ቀንሶ ከዜሮ በታች ወረደ። እንዲህ ያለ ዓመት 2005 ነበር። ትክክለኛው አበቅቴ 18፣ መጥቅዑ 12 ነው፤ የእኔ ፕሮግራም 19 እና 11 ይላል። ጉዱን እዩት፤ 19 እና 11 ሲደመሩም 30 ነው! መመዘኛዬ አለፈው። ይባስ ብሎ በዚያ ዓመት በመጥቅዕ የሚወሰነው በዓለ መጥቅዕ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ሲሸሽ የዕለቱ ተውሳክ (በዓሉ እንደ ዋለበት ዕለት የሚደመረው ቁጥር) በአንድ ስለሚጨምር፣ ስሕተቱ ራሱን አጥፍቶ የነነዌ ጾም በትክክለኛው ቀን፣ የካቲት 18፣ ይወጣል። ማን ይጠርጥር? ያገኘብኝ ከባዕታ የመጡ አንድ መሪጌታ ናቸው። ስክሪኑን ለአፍታ ተመልክተው «ልጄ፣ የሁለት ሺህ አምስት አበቅቴ እንዲህ ሆኖ አያውቅም» አሉኝ። ያን ዕለት አስተካከልሁት።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። አንድ የንግድ ሰው የቀን መቁጠሪያ ለማሳተም የገዛው ፕሮግራም አልነሣ ብሎት ኮምፒውተሩን እኔ ዘንድ አመጣ። ፕሮግራሙን የሸጠለትን ቤት ስም አልጠራም። ልማድ ሆኖብኝ 2005ን አስገባሁበት፤ 19 እና 11 አለኝ። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስሕተት ሊሠራ ይችላልና ፋይሉን ከፈትሁ። ከቀመሩ ጎን «ይህን ነገ እይ፣ እንቅልፍ አሸነፈኝ» የሚል ማስታወሻ ተጽፏል። ያ እንቅልፍ የእኔ ነው። ቀለሙ ተቀይሯል፣ ስሜ ተፍቋል፣ እንቅልፌ ግን እንዳለ ተሸጧል።

አሁን ሦስት ሰዎችን አስቡ። አንደኛው ባሕረ ሐሳብን ከመምህር ተምሮ የራሱን ኮድ ይጽፋል፤ ውጤቱ ከእኔ ጋር አንድ ቢሆንም ቤሳ አልጠይቀውም፣ ቀመሩ የጋራችን ነው። ሁለተኛው የእኔን ላይብረሪ በፈቃድ ወስዶ ከራሱ የሒሳብ ፕሮግራም ይጠራዋል፤ የእኔ ሥራ ላይብረሪው ነው፣ የሒሳቡ ፕሮግራም የራሱ ነው። ሦስተኛው መስመሮቼን ወስዶ በራሱ ውስጥ ቀላቅሏል፤ የጻፍሁት በሥራው ውስጥ ስላለ የእሱ ፕሮግራም በእኔ ላይ የቆመ ነው። ባልደረባችን ሦስቱንም በአንድ ገመድ ያስራሉ።

ጂፒኤል ኮድ ይወርሳል የሚለው ፍርሃት ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ሁለተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ1991፣ ሦስተኛው በ2007 የወጣው ይህ ፈቃድ ውርስ የሚያውጅ ሕግ አይደለም። የቅጅ መብት ባለቤት «ሥራዬን ማባዛት፣ መለወጥና ማሠራጨት ትችላለህ፣ በእሱ ላይ ተመሥርተህ የሠራኸውን ስታሠራጭ ግን ምንጭ ኮዱን (ሰው የሚያነበውን የፕሮግራሙን ጽሑፍ) በዚሁ ፈቃድ ስጥ» ብሎ የሚሰጠው ፍቃድ ነው። ፕሮግራሙን ማስኬድ ብቻ አይገደብም። በመሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ለራሳችሁ ብትለውጡትና ለማንም ባትሰጡት ምንም ግዴታ የለባችሁም። በገንዘብ መሸጥም ይፈቀዳል፤ የደንበኛ መብት ኮዱን አብሮ መቀበል ነው። ፈቃዱ ራሱ፣ በሁለተኛው እትም፣ በእሱ ላይ ያልተመሠረተ ሌላ ሥራ በአንድ ማከማቻ ላይ አብሮ ስለተቀመጠ ብቻ ግዴታው እንደማይነካው ይናገራል። የዳዊቱ ጥራዝ ትዝ አላችሁ?

ፈቃዱን የጣሰ ሰው ምን ይገጥመዋል? ፈቃዱ ይቋረጥበታል፣ ያለ ፈቃድ ያባዛ ሰው ይሆናል፣ ከዚያም እግድና ካሳ ይመጣሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። የፈረንሳዩ የቴሌኮም ኩባንያ ኦራንዥ፣ ላሶ የተባለውን የጂፒኤል ላይብረሪ ለመንግሥት በሠራው ሥርዓት ውስጥ ግዴታውን ሳይፈጽም በመጠቀሙ፣ ከዓመታት ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለኪሳራ 500,000 ዩሮ፣ ለሞራል ደግሞ 150,000 ዩሮ እንዲከፍል ፈርዶበታል። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የባቡር አሻንጉሊት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ላይ በተነሣ ክርክር፣ የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ የሚያስቀምጣቸው ሁኔታዎች በቅጅ መብት ሕግ የሚጠበቁ መሆናቸው ተረጋግጧል። የኦራንዥ ፍርድ ያስከፈለው ገንዘብ መሆኑን አስተውሉ። ጥፋት የተገኘበት ሰው ምርጫ አለው፤ ኮዱን በፈቃዱ መሠረት ይለቅቃል፣ ወይም ላይብረሪውን አውጥቶ ሌላ ይተካል፣ ወይም ከባለቤቱ ጋር የተለየ ውል ይዋዋላል። ያለፈውን ጥፋት ካሳ ይሽረዋል፤ የነገው ውሳኔ ግን የራሱ ነው።

የመድኃኒት ቤቱ ልጅስ? የላይብረሪውን ማኅደር ከፍተህ የፈቃዱን ፋይል አሳየኝ አልሁት። አንብቦት አያውቅም ነበር። ኤልጂፒኤል ሆኖ ተገኘ፤ የተጠቃሚው የራሱ ፕሮግራም ዝግ ሆኖ እንዲቆይ የሚፈቅደው ወንድም ፈቃድ። ግዴታው የላይብረሪውን ምንጭ ኮድ ለደንበኛው ማድረስ፣ ደንበኛውም አዲስ እትም ሲወጣ ላይብረሪውን መተካት እንዲችል ማድረግ ነው። የሁለት ሳምንት እንቅልፉን የነሣውን ነገር አሥር ደቂቃ ንባብ ይፈታው ነበር። ቡናውን ግን እኔ ነኝ የከፈልሁት።

ለሁለት ክፈሉት የሚለው ምክር ግማሽ እውነት አለው። ሁለት ፕሮግራሞች ለየብቻ እየሠሩ በታወቀ መንገድ መልእክት ሲለዋወጡ፣ ሁለት ሥራዎች ለመሆናቸው ጥሩ ምልክት ነው። በጂፒኤል የሚሰጠው የሊኑክስ ከርነል (የኮምፒውተር ሥርዓቱ እምብርት) የፈቃድ ፋይል ላይ ጀማሪው ሊነስ ቶርቫልድስ ያስቀመጠው ማስታወሻም፣ በተለመደው የሥርዓት ጥሪ ከርነሉን የሚጠቀም ፕሮግራም እንደ ተወላጅ ሥራ አይቆጠርም ይላል፤ የዓለም ግማሽ ሰርቨር በዚያ ማስታወሻ ሥር እፎይ ብሎ ይሠራል ብል ብዙ አላጋነንሁም። ነገር ግን መክፈል እንደ ጠበል ከኃጢአት አያነጻም። የሰውን ኮድ ገልብጣችሁ በሌላ ክፍል ብታስቀምጡት አሁንም ገልብጣችኋል። የጂፒኤል ባለቤት የሆነው የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ራሱ የሚያየው መለያየቱን ብቻ አይደለም፤ የሚለዋወጡት የውስጥ አሠራራቸውን የተጠላለፈ ዝርዝር ከሆነ ሁለቱ እንደ አንድ ሊታዩ ይችላሉ ባይ ነው። እሱም ቢሆን ፈቃድ ሰጪ እንጂ ዳኛ አይደለም።

ከሳሽም እንደልቡ አይደለም። ከሊኑክስ ከርነል አዘጋጆች አንዱ የሆነው ክሪስቶፍ ሄልቪግ ቪኤምዌር የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ በሃምቡርግ ከስሶ እ.ኤ.አ. በ2016 የተረታው፣ በተከሳሹ ምርት ውስጥ የትኛው መስመር የእሱ እንደሆነና ጥበቃ የሚገባው እንደሆነ በሚገባ ለይቶ ባለማሳየቱ ነው። ለዚህ ነው የእንቅልፌን ማስታወሻ አሁንም ሳልሰርዝ የተውኋት።

የመጨረሻው ነጥባቸው አሳዝኖኛል። የተሰበረ ሶፍትዌር ይሻላል፣ የውጭ ሥራ እዚህ አይጠበቅም ይላሉ። አዋጁ ጥበቃ የሚሰጠው ለኢትዮጵያውያንና እዚህ ነዋሪ ለሆኑ ሥራ አመንጪዎች፣ መጀመሪያ እዚህ ለታተመ ወይም ሌላ አገር ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ እዚህ ለታተመ ሥራ፣ እንዲሁም አገራችን በገባችበት ስምምነት ለሚጠበቅ ሥራ መሆኑን አይቻለሁ። በዓለም ዙሪያ በአንድ ቀን የሚለቀቅ ሶፍትዌር በ30 ቀን ውስጥ እዚህ አልታተመም ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ካለ ችሎቱን መከታተል እፈልጋለሁ። ግን ለክርክሩ ያህል ልክ ናቸው እንበል። ያ ሕግ ለካሊፎርኒያው ኩባንያ ሥራ ጥበቃ ከነፈገ፣ ለጀርመናዊው የጂፒኤል ጸሐፊ ከየት አምጥቶ ይሰጠዋል? ሁለቱም የውጭ ሰዎች ናቸው። በጽሑፋቸው ሦስተኛ ክፍል ባዕዱ ላይብረሪ ቤታችንን ይወርሳል፣ በአምስተኛው ክፍል ባዕድ እዚህ መብት የለውም። ወይ ሁለቱም ይጠበቃሉ፣ ወይ ሁለቱም አይጠበቁም፤ ፍርሃቱን ከአንዱ ድፍረቱን ከሌላው መቁረጥ አይቻልም።

ነገ ሥራውን ከአገር ውጭ ለመሸጥ የሚያስብ ልጅ ደግሞ የሚዳኘው ገዢው ባለበት አገር ሕግ መሆኑን ይወቅ። ቁልፍ መስበሪያው ይዞት ስለሚመጣው ቫይረስ አልናገርም፤ የመድኃኒት ቤት መዝገብ ጠፍቶበት ያለቀሰ ሰው እኔ ዘንድ መጥቶ ያውቃል።

«እዚህ ማን ይጠይቃል?» የሚለው ዓረፍተ ነገራቸው ግን በግሌ ነክቶኛል። እኔ ጠይቄያለሁ። ፕሮግራሜን የወሰደው ቤት ድረስ ሄጄ ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አስቀመጥሁላቸው። አዋጁ ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ እንደማይጠይቅ፣ ሥራው ከተፈጠረ በቂ እንደሆነ ነገርኋቸው። ኃላፊው ሻይ አዘዘልኝ፣ ሳቀ፣ «የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ የሁሉም ነው» አለኝ። ሒሳቡ የሁሉም ነው፣ እሱ ልክ ነው። ጠበቃ አማከርሁ፤ ጊዜውንና ወጪውን አስልቼ ተውሁት፤ በዚህ ጥፋቱ የእኔም ነው።

የእኔ ላይብረሪ 2005ን ዛሬ 18 እና 12 ይለዋል። የእነሱ አሁንም 19 እና 11 እንደሚል ባለፈው ወር ፒያሳ በአንድ ማተሚያ ቤት ቆሜ አይቻለሁ። ቀጣዩ ቀሪ የሌለው ዓመት 2024 ነው። የዚያን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ከራስጌው አበቅቴ 19፣ መጥቅዕ 11 ብሎ ተሰቅሎ ያየ ሰው ማን እንዳሳተመው ልብ ይበልልኝ።